ቅጣቱ በማን ላይ ይወድቃል?

ስለ ሠራተኛና ስለ ደን ጥበቃ በንግድ ውል ውስጥ ስለሚገቡ ግዴታዎች

በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሚገኙት ዕቃዎች ሁሉ ዋጋው እጅግ ትንሽ የሆነው ክብሪት ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ቡናችንንና ልብሳችንን ወደ ውጭ አገር በምንልክበት ጊዜ «ይህ ዕቃ እንዴት ተሠራ? በማንስ ተሠራ?» ተብሎ የሚቀርብልን ጥያቄ ከተጀመረባቸው ዕቃዎች አንዱ ይኸው ክብሪት ስለ ሆነ፥ ነገሬን ከእርሱ እጀምራለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ፤ ከውጭ አገር ገዢ የሚመጣልን ወረቀት በዚሁ አቆጣጠር የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ለማመሳከር ይቀላል።

የነገሩ አመጣጥ

በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ይሠራ የነበረው ክብሪት ነጭ ፎስፎር የተባለ ነገር ነበረበት። የዚህ ነገር ትነት በፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩትን ሰዎች የመንጋጋቸውን አጥንት እያበሰበሰ ብዙዎችን ለሞት ያደርስ ነበር። ጉዳቱን ሐኪሞችም መንግሥታትም ያውቁት ነበር፤ በእርሱ ፈንታ የሚሆን ሌላ ዐይነት ፎስፎርም ተገኝቶ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ መንግሥት ያመነታ ነበር፤ «እኔ ብቻዬን ብከለክል የአገሬ ክብሪት ሠሪ ወጪው ከፍ ይልበታል፤ የጎረቤቴም ርካሽ ክብሪት ገበያውን ይነጥቀዋል» የሚል ስጋት ነበረውና። ስለዚህ በ1906 ዓ.ም. የአንዳንድ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞች በስዊስ አገር በበርን ከተማ ተሰብስበው፥ ነጭ ፎስፎር ያለበት ክብሪት እንዳይሠራ ብቻ ሳይሆን፥ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥም ተስማሙ።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ የነገሩ ሥር በሙሉ ይገኛል። አንድ አገር ለሠራተኛው ወይም ለምድሩ የሚያደርገው ጥበቃ ወጪ አለበት፤ ወጪውን የሚሸሽ ሌላ አገር ካለ ደግሞ ጥበቃ ያደረገው በገበያ ይሸነፋል። ስለዚህ ጥበቃው እንዲጸና ብዙዎች አብረው ሊገቡበት፥ ያልገባም ቢኖር ዕቃው ከድንበር ሊመለስ ይገባል ተባለ። በ1919 ዓ.ም. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅትም በመተዳደሪያው መግቢያ የተቀበለው ሐሳብ ይኸው ነው። አገራችን ኢትዮጵያ የዚህ ድርጅት አባል የሆነችው በ1923 ዓ.ም. ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 ዓ.ም. በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና የተፈረመው የዓለም ንግድ ቻርተር ስለ ሠራተኛ አያያዝ አንድ ራሱን የቻለ አንቀጽ ነበረው፤ ነገር ግን ቻርተሩ ሳይጸና ቀረ። በሥራ ላይ የዋለው ጋት የተባለው ስለ ቀረጥና ስለ ንግድ የተደረገው ጠቅላላ ስምምነት ብቻ ነበር። ይህም ስምምነት በ20ኛው አንቀጹ፥ አንድ አገር የሰውን፥ የእንስሳትንና የዕፀዋትን ሕይወት ለመጠበቅ፥ ሊያልቅ የሚችለውን የተፈጥሮ ሀብት ለመቈጠብ፥ እንዲሁም በእስረኞች ጉልበት የተሠራውን ዕቃ ለመከልከል እንዲችል ይፈቅዳል። ስለ ሌላው ሠራተኛ ግን በግልጥ የሚናገረው ነገር የለም።

የዓለም ንግድ ድርጅት በ1995 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፥ በ1996 ዓ.ም. ሚኒስትሮች በሲንጋፖር ተሰብስበው በዚሁ ነገር ተከራከሩ። ባለጸጎቹ አገሮች ስለ ሠራተኛ መብት የሚናገር ደንብ በንግድ ሕግ ውስጥ ይግባ ሲሉ፥ ብዙዎቹ ታዳጊ አገሮች «ያለን ብልጫ የሥራ ዋጋችን ርካሽ መሆኑ ነው፤ ይህን ምክንያት አድርጋችሁ ገበያችሁን ልትዘጉብን ነው» ብለው ተቃወሙ። በመጨረሻም የሠራተኛ ጉዳይ ለዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንዲተው፥ ደንቡም ለገበያ መከላከያ እንዳይውል ተወሰነ።

በአካባቢ ጥበቃ በኩል ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አሜሪካ የባሕር ኤሊዎችን በሚገድል መረብ የተያዘ ሽሪምፕ የተባለ የባሕር ፍጥረት ወደ አገሯ እንዳይገባ በመከልከሏ፥ ህንድ፥ ማሌዢያ፥ ፓኪስታንና ታይላንድ በድርጅቱ ዘንድ ከሰሷት። በ1998 ዓ.ም. የይግባኝ ፈራጆቹ አሜሪካ በአፈጻጸሟ አድልዎ ስላሳየች ጥፋተኛ አደረጓት፤ ነገር ግን አንድ አገር የዕቃውን አገኛኘት ምክንያት አድርጎ ዕቃውን ለመከልከል እንደሚችል በመሠረቱ አልካዱም።

በሲንጋፖር የሁሉም ስምምነት ስላልተገኘ፥ ባለጸጎቹ አገሮች ሐሳባቸውን በሌላ መንገድ መፈጸም ጀመሩ፤ ይኸውም ከአንድ አገር ጋር ብቻ በሚያደርጉት ውልና ራሳቸው በሚያወጡት ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡትን ውሎችና ሕጎች አንድ በአንድ መዘርዘር አንባቢን ያደክማል። ነጋዴ ግን አንዱን ከሌላው ለይቶ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ ጥፋት ቢገኝ ቅጣቱ በማን ላይ ይወድቃል? በአገር ላይ፥ በፋብሪካ ላይ ወይስ በጆንያው ላይ? መልሱ እንደ ዐይነቱ ስለሚለያይ፥ ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባው ጥንቃቄም እንደዚሁ ይለያያል።

በአገር ላይ የሚወድቅ ቅጣት

የመጀመሪያው ዐይነት መንግሥትን በመንግሥትነቱ የሚጠይቅ ነው። በ2000 ዓ.ም. አሜሪካ ያወጣችው፥ በተለምዶ አጎዋ የምንለው ሕግ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ሕግ የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዐይነት ዕቃዎችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ የሚፈቅደው፥ መንግሥታቸው የሠራተኛን መብትና ሌሎችንም በሕጉ የተዘረዘሩትን ግዴታዎች የሚያከብር ወይም ወደ ማክበር የሚያመራ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ስዋዚላንድ ትባል የነበረችው አገር የሠራተኛ ማኅበራትን መብት በማጥበቧ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ከዚህ ጥቅም ወጥታ፥ ሕጎቿን ካሻሻለች በኋላ በ2018 ዓ.ም. ተመልሳለች።

የእኛንም አገር ነገር ሁላችንም እናስታውሳለን። ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 ዓ.ም. አንሥቶ ከአጎዋ ጥቅም የወጣችው፥ በሰሜን ከነበረው ጦርነት ጋር በተያያዘ የሰብአዊ መብት ጉዳይ እንጂ በአንድ ስፌት ፋብሪካ ጥፋት አልነበረም። ቅጣቱ ግን የወደቀው በስፌት ፋብሪካዎችና በውስጣቸው በሚሠሩት ወጣቶች ላይ ነው። በመደበኛው የአሜሪካ የቀረጥ ሠንጠረዥ የጥጥ ካናቴራ ከመቶ 16.5፥ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ደግሞ ከመቶ 32 ይከፍላል። ይህ ቀረጥ የተመለሰበት ፋብሪካ ሠራተኞቹን በመልካም ያዘ ወይም በክፉ ያዘ፥ ለገዢው ለውጥ የለውም። በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀው ከሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ጭምር የለቀቁ ኩባንያዎች መኖራቸው ይታወቃል።

እንግዲህ የዚህ ዐይነት ቅጣት ጠባዩ ይህ ነው፤ መልካሙንና ክፉውን አይለይም፤ ነጋዴው በራሱ ትጋት ሊከላከለው አይችልም። ነጋዴው ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ንግዱን ሁሉ በአንድ ገበያና በአንድ የቀረጥ ምሕረት ላይ አለመጣል ነው።

ከዚህም በቀር መንግሥት መንግሥትን በሚከስበት ውል ፍርዱ እጅግ ይዘገያል። በመካከለኛው አሜሪካ ውል መሠረት የሠራተኛ ማኅበራት በጓቲማላ ላይ አቤቱታ ያቀረቡት በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፥ ፍርዱ የተሰጠው በ2017 ዓ.ም. ነው። ዳኞቹ ጓቲማላ የሠራተኛ ሕጓን በአንዳንድ ቦታ አለማስፈጸሟን ቢያምኑም፥ ጥፋቱ በውሉ በተጻፈው መጠን ንግድን መንካቱ አልተረጋገጠም ብለው ክሱን ሳይቀበሉት ቀሩ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ሠራተኛ ባዶ እጁን ቀረ። ውል አዋቂዎችም ሌላ መንገድ እንዲፈልጉ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በፋብሪካ ላይ የሚወድቅ ቅጣት

ሁለተኛው ዐይነት መንግሥትን አልፎ ወደ ፋብሪካው ደጅ የሚደርስ ነው። የዚህ አካሄድ መንደርደሪያ የሆነው በ1999 ዓ.ም. አሜሪካ ከካምቦዲያ ጋር ያደረገችው የጨርቃ ጨርቅ ውል ነው። በዚያ ዘመን ልብስ ወደ አሜሪካ የሚገባው በተወሰነ ኮታ ስለ ነበረ፥ የካምቦዲያ ፋብሪካዎች የሠራተኛ አያያዛቸውን ካሻሻሉ የአገሪቱ ኮታ በየዓመቱ ከመቶ እስከ 14፥ ኋላም እስከ 18 ድረስ ተጨማሪ እንዲያገኝ ተስማሙ። ፋብሪካዎቹን እየዞሩ የሚመረምሩት የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ተመልካቾች ነበሩ። ይህ ውል ከቅጣት ይልቅ ሽልማትን በማስቀደሙ ብዙዎች ያመሰገኑት ሲሆን፥ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ የኮታው ሥርዐት ሲያበቃ ሽልማቱም አብሮ አበቃ።

ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ዓ.ም. አንሥቶ የጸናው የአሜሪካ፥ የሜክሲኮና የካናዳ ስምምነት ከዚህ ራቅ ብሎ ሄደ። በዚህ ስምምነት መሠረት በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞች በነጻ የመደራጀትና በኅብረት የመዋዋል መብታቸው ተነክቷል የሚል አቤቱታ ቢቀርብ፥ ነገሩ በዓመታት ሳይሆን በወራት ውስጥ ይመረመራል፤ ጥፋት ከተገኘም የዚያ ፋብሪካ ዕቃ ብቻ ተለይቶ ቀረጥ ሊጨመርበት ወይም ከድንበር ሊመለስ ይችላል። በ2021 ዓ.ም. በሜክሲኮ በሲላዎ ከተማ በሚገኝ አንድ ትልቅ የመኪና ፋብሪካ በሠራተኞች የድምፅ አሰጣጥ ላይ ጥፋት በመታየቱ በዚህ ደንብ ተጠየቀ። ድምፁ እንደ ገና ተሰጥቶ ሠራተኞቹ የቀድሞውን ውል ጣሉት፤ በሚከተለውም ዓመት መጀመሪያ ራሳቸው የፈለጉትን ማኅበር መረጡ።

በዚህ ዐይነት ሥርዐት ጎረቤት ላጠፋው ጥፋት ሌላው አይቀጣም። ስለዚህ ፋብሪካ ያለው ነጋዴ የደመወዝ መዝገቡን፥ የሥራ ሰዓት መቈጣጠሪያውንና ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር ያደረገውን ውል በሥርዐት መያዙ ራሱን በቀጥታ ይጠቅመዋል። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት መሠረታውያን ስምምነቶች ያጸደቀች አገር ስለ ሆነች፥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156ን በሚገባ የፈጸመ አሠሪ የውጭ አገር መርማሪ ከሚጠይቀው ብዙውን ፈጽሟል ማለት ይቻላል።

በጆንያው ላይ የሚወድቅ ቅጣት

ሦስተኛውና በአሁኑ ጊዜ ለእኛ ነጋዴዎች የቀረበው ዐይነት፥ አገሩንም ፋብሪካውንም ትቶ ጭነቱን ራሱን የሚይዝ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ1930 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ በግዳጅ ሥራ የተሠራ ዕቃ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ነገር ግን በአገር ውስጥ ለፍጆታ በበቂ የማይመረት ዕቃ ከሆነ ይገባ ስለ ነበር፥ ክልከላው ብዙ ዘመን ደካማ ሆኖ ቆየ። ይህ ልዩ ፈቃድ በ2016 ዓ.ም. ተሰረዘ። ከሰኔ 21 ቀን 2022 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቻይና በሺንጂያንግ ክፍለ አገር በሙሉ ወይም በከፊል የተሠራ ዕቃ ሁሉ በግዳጅ ሥራ እንደ ተሠራ ተቈጥሮ፥ አስመጪው በጠንካራ ማስረጃ ካላስተባበለ በቀር አሜሪካ አይገባም።

እዚህ ላይ አስመጪዎቻችን አንድ ነገር ያስተውሉ። «በከፊል» የሚለው ቃል ትርጕሙ ሰፊ ነው። ከውጭ አገር ጨርቅ አስመጥቶ በአገር ውስጥ አሰፍቶ ወደ አሜሪካ የሚልክ ነጋዴ፥ የጨርቁ ክር የተፈተለበት ጥጥ ከየት እንደ መጣ ሊጠየቅ ይችላል። ጨርቁን በሸጠለት ሰው ፋክቱር ላይ ይህ ካልተጻፈ፥ ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ማስረጃ መፈለግ ይዘገያል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ዓ.ም. በግዳጅ ሥራ የተሠራ ዕቃን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል፤ የሚሠራበትም ጊዜ ከታኅሣሥ 14 ቀን 2027 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሆን ወስኗል።

ለቡና ላኪዎች ግን ከሁሉ የሚበልጠው የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ዓ.ም. ያወጣው ስለ ደን መጨፍጨፍ የሚናገረው ደንብ ነው። ደንቡ ሰባት ነገሮችን ይዘረዝራል፤ እነርሱም የቀንድ ከብት፥ ካካዎ፥ ቡና፥ የዘንባባ ዘይት፥ የጎማ ዛፍ፥ አኩሪ አተርና እንጨት ናቸው። ከእነዚህና ከእነዚህም ከሚሠሩት ብዙ ዕቃዎች አንዱን በአውሮፓ ገበያ ለማቅረብ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

1ኛ/ ዕቃው የተገኘበት መሬት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ዓ.ም. በኋላ ደን ተጨፍጭፎ ወደ እርሻ የተለወጠ እንዳይሆን፤
2ኛ/ ዕቃው የተመረተው የተገኘበትን አገር ሕግ፥ ማለት የመሬት ይዞታን፥ የሠራተኛን መብት፥ የአካባቢ ጥበቃንና የግብርን ሕግ በጠበቀ መንገድ እንዲሆን፤
3ኛ/ ይህን ሁሉ መመርመሩን የሚያረጋግጥ መግለጫ እንዲቀርብ።

ለምርመራውም ቡናው የበቀለበት እያንዳንዱ ማሳ የሚገኝበት ቦታ በቍጥር ይጠየቃል። አራት ሄክታርና ከዚያ በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ፥ ማለት የኬክሮሱና የኬንትሮሱ ቍጥር፥ እያንዳንዱ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ያለው፥ ይበቃል። ከአራት ሄክታር በላይ ለሆነው ግን የማሳው ወሰን ዙሪያውን መለካት አለበት። የታወቀውን ቡና ካልታወቀው ጋር መቀላቀል አይፈቀድም፤ ከተቀላቀለ ጭነቱ በሙሉ እንዳልታወቀ ይቈጠራል። ጥፋተኛ ለሆነ ድርጅት የተወሰነው ከፍተኛ መቀጫም በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሚያገኘው የዓመት ሽያጭ ከመቶ 4 ያላነሰ ነው።

በሕጉ አነጋገር ግዴታው የወደቀው በአውሮፓ ባለው አስመጪ ላይ እንጂ በእኛ ላይ አይደለም። እርሱ ግን በእኛ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ስለሚፈርም፥ ሕጉ ያላስገደደንን እርሱ በሽያጭ ውላችን ያስገድደናል። ደንቡ የሚሠራበት ቀን በ2024 ዓ.ም. አንድ ጊዜ፥ በ2025 ዓ.ም. ሁለተኛ ጊዜ ተላልፏል፤ በ2025 ዓ.ም. መጨረሻ የተወሰነው ቀን ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ ድርጅቶች ታኅሣሥ 30 ቀን 2026 ዓ.ም.፥ ለአነስተኞቹ ደግሞ ሰኔ 30 ቀን 2027 ዓ.ም. ነው። ቀኑ በመተላለፉ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንደማይገባ የሚያሳይ አንድ ነገር እኔ ራሴ አይቻለሁ።

በጽሕፈት ቤታችን የሆነው

እኔ በአንድ ቡና ላኪ ነጋዴ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በዚህ ዘመን ሁሉ የለመድሁት ወረቀት የዕቃውን ክብደት፥ ደረጃ፥ ዋጋና የመርከቡን ስም የሚናገር ነበር። ከአንድ የአውሮፓ ደንበኛችን ግን የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ ቦታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ደረሰን። እኛም ቡናውን ለሚያቀርብልን ሰው አስታወቅነው፤ እርሱም ሳይዘገይ ስማቸውና ቍጥራቸው በመልካም የተጻፈ ዝርዝር ላከልን።

ዝርዝሩን ተቀብዬ ወዲያው ልልከው ስል፥ ጥቂቱን በካርታ ላይ ልመልከት ብዬ ቍጥሮቹን በኮምፒዩተር አስገባሁ። የአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ወደቁ። ቦታው እሸት ቡና የሚታጠብበት ጣቢያ ግቢ ነበር። እንዲመዘግቡ የተላኩት ወጣቶች ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየወጡ ማሳውን በማየት ፈንታ፥ ገበሬው እሸቱን ሊያስመዝን በተሰለፈበት ቦታ መዝግበውት ኖሯል። በሌላው ገጽ ደግሞ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ተለዋውጠው ነበር። በ6 ኬክሮስና በ38 ኬንትሮስ አጠገብ መገኘት የነበረበት የይርጋ ጨፌ ማሳ፥ ቍጥሩ ሲገለበጥ በአልጄሪያና በሰርዲኒያ መካከል በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ተገኘ። አሠሪዬ ካርታውን ባሳየኋቸው ጊዜ «ቡናችን ዓሣ ሆነ እንዴ?» ብለው ሣቁ።

ሣቁ ግን ብዙ አልቆየም። መርከቡ የሚነሣበት ቀን ቀርቦ ነበር፤ በደጋው በኩል ደግሞ ዝናብ መንገዱን አበላሽቶት ነበር። በመንገድ ዳር ያሉት ገበሬዎች ማሳ እንደ ገና ተመዘገበ፤ ራቅ ያሉትን ግን ሳንደርስባቸው ቀረን። ቡናቸው ተለይቶ ማሳ ለማይጠይቅ ገበያ በዝቅተኛ ዋጋ ተሸጠ። እነዚህ ገበሬዎች ደን አልጨፈጨፉም፤ ቡናቸው ከአባቶቻቸው በወረሱት በአሮጌ ጓሮ የበቀለ ነው። ዋጋ የጐደለባቸው በጥፋታቸው ሳይሆን በወረቀት ጕድለት ነው፤ ጕድለቱም የእነርሱ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ደኑን ለማዳን የታሰበው ደንብ ጥንቃቄ ካልታከለበት ደን ያልነካውን ሰው እንደሚጐዳ ያን ቀን ተረዳሁ። መንገድ ዳር ያለው ይመዘገባል፤ ሩቅ ያለው፥ ማሳው የተበጣጠሰበትና ማንበብ የማይችለው ግን ይቀራል።

ስለ ክርክሩ

ይህን ሁሉ ያየ ሰው «እንግዲያው ግዴታው ገበያን ለመዝጋት የተበጀ ዘዴ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ወጪው ከፍ የሚለው በአነስተኛ ማሳ በሚያመርት አገር ላይ ነው፤ አንድ ሰፊ የቡና እርሻ ያለው ባለሀብት አንድ ወሰን ለክቶ ብዙ ጭነት ሲልክ፥ እኛ ለአንድ ጭነት የብዙ መቶ ገበሬዎችን ነጥብ መሰብሰብ ሊኖርብን ይችላል። ከሳተላይት በሚነሣ ካርታም በዋርካና በዋንዛ ጥላ ሥር የበቀለ የቡና ጓሮ ከደን ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል፥ የጥላውን ዛፍ የመለመለ ገበሬ ደን የጨፈጨፈ መስሎ እንዳይታይ ያሰጋል። እንዲህ ሲሆን የገበሬው መከላከያ ከቦታው ተገኝቶ የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ክርክሩን በአንድ ወገን ብቻ ማየት አይገባም። ቡናችን ጥላ የሚሻ ተክል ነው፤ ዝናቡም ጥላውም ከደኑ ጋር የተያያዘ ነው። ደኑ ቢያልቅ ገዢው ሌላ አገር ሄዶ ይገዛል፤ እኛ ግን የምንሄድበት ሌላ ምድር የለንም። የክብሪት ሠራተኞቹም ታሪክ እንደሚያስረዳው፥ ሁሉም አብሮ ካልተከለከለ በቀር አንዱ ብቻውን መልካም ለመሥራት ይቸገራል። ስለዚህ እኔ የምለው ግዴታው ይቅር ሳይሆን፥ ወጪውና ድካሙ በትክክል ይከፋፈል ነው። ይህንንም የንግድ ማኅበሮቻችንና መንግሥታችን ከገዢዎቹ መንግሥታት ጋር መነጋገራቸው ይገባል፤ ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ ግን መርከቡ አይጠብቀንም።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ለላኪዎች። ከአቅራቢያችሁ የሚመጣውን የማሳ ዝርዝር ሳትመለከቱ አትላኩ። የአንድ ኬክሮስ ልክ ወደ 111 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ስለ ሆነ፥ ከነጥብ በኋላ ባለው ሁለተኛ አኃዝ ላይ አንድ ስሕተት ማሳውን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ያርቀዋል። በመጀመሪያ ሁለቱ ቍጥሮች አለመለዋወጣቸውን፥ ቀጥሎም ብዙ ስሞች በአንድ ነጥብ ላይ አለመውደቃቸውን አረጋግጡ። በመጋዘን ውስጥ የተመዘገበውን ካልተመዘገበው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ጆንያው አንድ ጊዜ ከተቀላቀለ መመለሻ የለውም። በ2008 ዓ.ም. የምርት ገበያው ከተቋቋመ በኋላ ቡና በአካባቢውና በደረጃው እየተመደበ ሲሸጥ የገበሬው ስም ይጠፋ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ፤ አሁን ግን ስሙ ከጆንያው ጋር እስከ ወደብ ድረስ መጓዝ አለበት።

በሽያጭ ውላችሁም ሦስት ነገሮች በግልጥ ይጻፉ፤ የምዝገባውን ወጪ ማን እንደሚከፍል፥ ዝርዝሩ ገዢው ለሌላ ጕዳይ እንዳያውለው፥ ሕጉ የሚሠራበት ቀን ቢተላለፍ የተስማማችሁበት ተጨማሪ ዋጋ ምን እንደሚሆን። ወረቀቱንም ቢያንስ አምስት ዓመት አቈዩት፤ አውሮፓዊው አስመጪ በሕጉ የሚያቈየው ይህን ያህል ነው።

ለአስመጪዎች። የምታስመጡት ጨርቅ፥ ክር ወይም ሌላ ጥሬ ዕቃ ተሠርቶ ተመልሶ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ፥ የመነሻውን ቦታ የሚናገር ወረቀት ዕቃው ከመጫኑ በፊት ጠይቁ። ሻጩ ከተከፈለው በኋላ ለመጻፍ እንደማይቸኵል የታወቀ ነው።

ለባለ ሱቆች። በቡና አገር ከሱቃችሁ ጋር የሰብሳቢነት ፈቃድ ያላችሁ ሁሉ የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያ መዝገብ ያዦች እናንተ ናችሁ። ገበሬው እሸቱን ሲያመጣ ስሙን፥ ቀበሌውን፥ ቀኑንና ኪሎውን በደብተር ጻፉ። አንድ ገበሬ ከጓሮው ስፋት በላይ የሆነ ቡና በስሙ ተጽፎ ቢገኝ መርማሪው ይጠራጠራል፤ ጥርጣሬውም ወደ ላኪው ይደርሳል። ለገበሬውም ማሳው ለምን እንደሚመዘገብ አስረዱት፤ ለግብር ወይም መሬቱን ለመንጠቅ መስሎት የሚሸሽ እንዳለ ሰምቻለሁና።

እንግዲህ በአጭሩ ለመናገር፥ በአገር ላይ የሚወድቀውን ቅጣት ነጋዴ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። በፋብሪካ ላይ የሚወድቀውን መልካም አሠሪ ይከላከለዋል። በጆንያ ላይ የሚወድቀውን ግን የሚከላከለው ከማሳው ጀምሮ በእውነት የተጻፈ ወረቀት ነው። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቈስ እንደሚሻል እናቶቻችን ነግረውናል። በእኛ ጽሕፈት ቤት ለሚመጣው ምርት የሚሆነው ምዝገባ መንገድ ሳይበላሽ በበጋው ተጀምሯል፤ መዝጋቢዎቹም በመጀመሪያ የተላኩት ባለፈው ጊዜ ሳንደርስባቸው ወደ ቀሩት ገበሬዎች ነው።